የፖስተኛው አህያ ዓይን

«ያዢልኝማ ይቺን» አለች ሴትዮዋ፤ ካፖርቷን ኦፌሊያ ክንድ ላይ ጣል አደረገችው። በካፖርቱ ላይ ባርኔጣዋን፣ በባርኔጣው ላይ የተቀቀለ እንቁላል የሞላ ሳህን ደረበችበትና ወደ ሳሎን አለፈች። ቀና ብላ ፊቷን እንኳ አላየችውም።

ኦፌሊያ ሬንቴሪያ ዕቃውን እንደታቀፈች በሩ ላይ ቀረች። ቤቱ እኮ የራሷ ነው! ከሚና ዛስላቭ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ኖራበታለች። መጋረጃውን የሰፋችው እሷ፣ ጓሮ ያለውን የሎሚ ዛፍ የተከለችው እሷ፣ ሰኞ ጠዋት ሚናን አልጋዋ ላይ ቀዝቅዛ ያገኘቻትም እሷ ናት። ግን ይኼን ሁሉ በር ላይ ቆማ ለማን ትንገር?

እኔ አውቃለሁ። ካርቱን በሚሠራው ስቱዲዮ ውስጥ ከሁለቱ ሁለት ጠረጴዛ አለፍ ብዬ ስንት ዓመት ቀለም ቀብቻለሁ። የዚያችን ሳምንት ነገር ኦፌሊያ ራሷ ናት የነገረችኝ፤ ጥቂቱን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሳሎን ውስጥ የሟች ወንድም ሃይማን ዛስላቭ ከወለሉ ብዙም ከፍ በማትል በርጩማ ላይ በካልሲው ተቀምጧል። ከክሊቭላንድ ነው የመጣው። እህቱን በአካል ካያት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። የኮቱ ደረት በቀኝ በኩል ተቀዷል፤ ማክሰኞ መቃብሩ ላይ በገዛ እጁ የቀደደው ነው። ቤት ሲገባ መጀመሪያ ያደረገው መስታወቶቹን ሁሉ በአንሶላ መሸፈን ነበር፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ፊቱን አያይም። ቴሌቪዥኑ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። «ይኼም ሲጠፋ ፊት ያሳያል» አለና የሚናን ባለ አበባ አንሶላ አለበሰው።

በአይሁድ ደንብ ሐዘኑ ሰባት ቀን ነው፤ የሚመጣው እንግዳ ሰላም አይልም፣ አይዞህም አይልም። ወንበር ይስብና ሐዘንተኛው አፉን እስኪከፍት ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሃይማን ደግሞ ለወሬ የሚቸኩል ሰው አይደለም። አንዳንዱ ምስኪን ሩብ ሰዓት ሙሉ የጫማውን ክር ሲቆጥር ይቆያል።

ወሬው ያለው ኮሪደሩ ላይ ነው።

«ቡናውን የምትቀዳው ማናት?»

«ሠራተኛዋ ትሆናለች። ጎበዝ ናት፣ ኮቴዋ እንኳ አይሰማም።»

«ሟቿስ ምን ነበር ሥራዋ?»

«ካርቱን ቤት ነበረች አሉ። አይጥ ምናምን ስትስል።»

«ኧረ ወዲያ! ሳታገባ፣ ሳትወልድ፣ አይጥ ስትስል ዕድሜዋ አለቀ በይኛ!»

ኦፌሊያ ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች ሰማቻቸው። «አይጥ አይደለም፣ አህያ ነው» አለች፤ ለቧንቧው ነው ያለችው። ከዚያ ሆድ ባሳትና ውኃውን ከፈተችው፣ ስታለቅስ እንዳትሰማ።

የሁለቱ ትውውቅ የሚጀምረው ከምድጃ ነው። ኦፌሊያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ከነሚና ጋር አጥር ይጋሩ ነበር፤ ያኔ ሰፈሩ ግማሹ እንደነሚና አይሁድ፣ ግማሹ እንደነ ኦፌሊያ ሜክሲካዊ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚና እናት እሳት አይነኩም። «ነይ ለኩሺልን» ብሎ ማዘዝም ክልክል ነው። ስለዚህ አጥሩ ጋ ብቅ ይሉና «ዛሬስ ቤታችን እንዴት ይቀዘቅዛል!» ይላሉ፣ ለሰማዩ። ኦፌሊያ ዘላ ትገባለች፤ ምድጃውን ትለኩሳለች። ሁለት ዓመት የምትበልጣት ሚና ከኋላዋ ቆማ «ወይ ጉድ፣ ይቺ ልጅ ቤቱን ልታቃጥለው ነው» እያለች ታስቃታለች። ሃይማን ያኔ ጎረምሳ ነበር። ዓይኑን ከመጽሐፉ ሳይነቅል «ልጅቷ መጣች» ይላል። አሁንም፣ በሃምሳ ሰባት ዓመቷ፣ ለሱ ልጅቷ ናት።

ሲያድጉ ሚና ስቱዲዮ ገባች፤ ኦፌሊያንም ጎትታ አስገባቻት። ሲኒማ ቤት ከዋናው ፊልም በፊት የሚታየው የሰባት ደቂቃ ካርቱን የሚያልቀው እኛ ክፍል ነበር። ወንዶቹ ላይ ፎቅ በወረቀት ይስላሉ፤ ሴቶቹ ታች ነን። ሚና መስመር አውጪ ነበረች፤ ስዕሉን ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ሉህ ላይ በብዕር ትገለብጠዋለች። ኦፌሊያ ቀቢ ናት፤ ያንኑ ሉህ ገልብጣ ከጀርባው ቀለሙን ትሞላለች። ከፊት መስመር፣ ከጀርባ ቀለም። ለሰባት ደቂቃ ሳቅ ስንት ሺህ ሉህ! ከዚያ አንድ በአንድ ፎቶ ይነሳና ወደ እጥበት ክፍል ይወርዳል። ሉህ ውድ ነበር፤ ተፍቆ፣ ታጥቦ ለሚቀጥለው ካርቱን ይመለሳል። የወር ሥራዬን ባልዲ ውስጥ ሲሟሟ ቆሜ አይቻለሁ፤ ደስ አይልም። ፊልሙ ላይ የወንዶቹ ስም ይወጣል። የኛ አይወጣም።

ሐሙስ ማታ የመጨረሻው እንግዳ እንደወጣ ኦፌሊያ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ሳሎን ገባች።

«ሚስተር ዛስላቭ፣ እኔም ልቀመጥ ብዬ ነበር።»

«ተቀመጪ እንጂ። ወንበር ሞልቷል።»

«ወንበር ላይ አይደለም። እንደርስዎ፣ ዝቅ ብዬ።»

ሃይማን መነጽሩን አወለቀ። ክፉ ሰው እንኳ አይደለም፤ ነገሩን ሁሉ በደንቡ ማድረግ የሚወድ ሰው ነው።

«አየሽ አንቺ ልጅ፣ ይኼ መቀመጫ የሰባት ሰው ነው። የአባት፣ የእናት፣ የወንድ ልጅ፣ የሴት ልጅ፣ የወንድም፣ የእህት፣ የትዳር ጓደኛ። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

«አውቃቸዋለሁ። ሚና ቆጥራልኛለች።»

«ታዲያ? አንቺ ጎረቤት ነሽ። ደግ ጎረቤት። እናቴም ትወድሽ ነበር፣ ነፍሷን ይማረውና።»

ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ማንቆርቆሪያ፣ ምን ዓይነት ጉርብትና ነው? ልትለው ነበር። ማንቆርቆሪያውን አነሳች።

«ቡና ልጨምርልዎት?» አለችው።

«ጨምሪልኝ።»

ዓርብ ረፋድ ላይ እኔ ጋዜጣ ይዤ ሄድኩ። በጓሮ በኩል ነው የገባሁት፤ ኦፌሊያ ድንች ትልጣለች።

«ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አልኳት።

«በይ ተይኝ ኢርማ፣ እዚህ ቤት ሐዘን ላይ ያለው ሰውዬው ነው። እኔ ሳህን ላይ ነኝ።»

«ነግረሽዋል?»

«ነገርኩት። ሰባት ሰው አሉ፣ አንቺ ስምንተኛ ነሽ አለኝ።»

ጋዜጣውን ገልጬ ድንቹ መሃል ዘረጋሁላት። የቅዳሜው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው፣ የልጆቹ ሰዓት። በጥፍሬ አሳየኋት፦ ፖስተኛው አህያ ክሊተስ።

«የትኛው ነው?» አለችኝ። ድምጿ ወዲያው ተለወጠ።

«አንብቢው። አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ያለበት።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ይኼን ነገር በዓለም ላይ የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ሁለት ቀረን።

ጦርነቱ ጊዜ ነው፣ አርባ ሦስት። ያን ካርቱን ልናስረክብ ሦስት ቀን ሲቀረን የኦፌሊያ እናት ሞቱ። ጠዋት ቀበረቻቸውና ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ ገባች፤ ግማሽ ቀን ነበር የተፈቀደላት። ሚና ክንዷን ይዛ ወደ እጥበት ክፍል ወሰደቻት። የቀለም ሣጥን ደፋችና እሱ ላይ አስቀመጠቻት። ራሷ ፊት ለፊቷ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ወጣች፣ እጆቿን ጭኖቿ ላይ አደረገች፣ ዝም አለች። እኔ ባልዲ ልወስድ ገብቼ አየኋቸውና ባልዲውን ትቼ ወጣሁ።

«ምነው ዘጋሽኝ?» አለቻት ኦፌሊያ በመጨረሻ። «እንደው አንድ ነገር በይኝ እንጂ!»

«እኛ ጋ መጀመሪያ የምትናገሪው አንቺ ነሽ» አለች ሚና። «የኔ ሥራ መጠበቅ ነው።»

ያኔ ነው ኦፌሊያ የተናገረችው። ደወሉ እስኪደወል ስለ እናቷ ስታወራና ስታለቅስ ቆየች። ጠረጴዛዋ ላይ ተመልሳ ብሩሿን አነሳችና፣ ዓይኗ በእንባ ተጋርዶ፣ ሉሁን ሳትገለብጥ ቀባችው። ቀቢ ከዚህ የባሰ ጥፋት የላትም። ግራጫው ቀለም በመስመሩ ላይ ፈሰሰና የአህያው ዓይን ጠፋ። በአንዱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አራት ሉህ አበላሽታ ነው የነቃችው። ያ ደግሞ ከሥራ ያስባርራል።

ሚና ከጠረጴዛዋ ተነሳች። አራቱን ሉሆች ከጠረጴዛው ላይ ሰብስባ ወሰደች፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀች፣ የጠፋውን ዓይን በቀለሙ ላይ እንደገና ሳለችው። ቀለም ላይ የተሰመረ መስመር እንደ ልቡ አይቀጥንም፤ ወፈር አለ። የአህያው ዓይን ቆብ ከበደና ዝቅ አለ። ተቆጣጣሪዋ ብዙም ሳታይ አሳለፈችው።

ካርቱኑ ሲኒማ ሲገባ ሦስታችንም ሄድን። ክሊተስ ከረጢቱን ይፈትሻል፣ አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ያወጣል፣ ገልብጦ ያየዋል። እዚያች ላይ፣ ለሰከንድ ሲሶ፣ ሲያለቅስ ያደረ ሰው ዓይን ይሆናል። ወዲያው ደግሞ የድሮው አህያ ይሆንና ከድልድይ ይወድቃል፤ አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ሚና በጨለማው ውስጥ «አየሽው?» አለቻት። «አየሁት» አለች ኦፌሊያ። በዚያ ሳምንት ዘጠኝ ጊዜ ተመልሰው አዩት። በዚያው ዓመት አብረው እዚህ ቤት ገቡ።

በኋላ ሲኒማ ቤቶቹ ካርቱን መግዛት ተዉ። መስመር የሚገለብጥ ማሽን መጣና መስመር አውጪዎቹን አንድ ዓርብ በአንድ ላይ አሰናበቱ፤ ሚናም አብራ ወጣች። የድሮዎቹ ካርቱኖች ቴሌቪዥን ላይ መውጣት ሲጀምሩ ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ያችን ዓይን ይጠብቃሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ መጣች። ባለፉት ሁለት ዓመታት የሚና እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። የገበያ ዝርዝር እንኳ ኦፌሊያ ነበረች የምትጽፍላት። «መስመሬ ጠፋ፣ ኦፊ» ትላት ነበር ሚና፣ ስቃ።

ዓርብ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሃይማን ከበርጩማው ተነሳ። ጫማውን አደረገ፣ ያልተቀደደውን ኮቱን ለበሰ።

«እስከ ነገ ማታ በሰው ፊት ሐዘንተኛ አይደለሁም» አላት። «ሰንበት ነው። ዝቅ ብሎ መቀመጥ የለም።»

በርጩማዋን በእግሩ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረጋት።

«ሚስተር ዛስላቭ፣ ነገ ረፋድ ላይ ቴሌቪዥኑን ልከፍተው ነው። ለሰባት ደቂቃ።»

«ምን አልሽ?»

«የሚና ሥራ አለ። ካርቱን።»

«ካርቱን! በሐዘን ቤት?»

«አሁን እኮ ሐዘንተኛ አይደለሁም አሉኝ።»

«እኔ አይደለሁም። ቤቱ ግን ነው።» ተቆጥቶ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ ድምፁ ወረደ። «ሰው ሁሉ እህትህ ምን ነበረች እያለ ይጠይቀኛል። ምን ልበላቸው? አህያ ትስል ነበር ልበል? እሷ አፈር ለብሳ አህያ ሲዘል ልንስቅ ነው? አንሶላው እንዳይነሳ።»

ኦፌሊያ ማታ አልተኛችም። ነገ ካመለጣት ካርቱኑ ዳግም የሚመጣው መች እንደሆነ አይታወቅም፤ የዛሬ ዓመት ይሆናል፣ ከነጭራሹም ይቀር ይሆናል። ከዚህ ሳምንት ካለፈ ደግሞ ሐዘን አይደለም፤ አንዲት አሮጊት ብቻዋን ሶፋ ላይ ካርቱን ማየቷ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሃይማን በእግሩ ወደ ምኩራብ ሄደ። ኦፌሊያ ሳሎኑ መሃል ቆመች። ሰው የለም። ከሚና ጋር ሲሆኑ የማይሰማው የግድግዳ ሰዓት ዛሬ ጆሮ ይበጥሳል። ሄዳ አንሶላውን ከቴሌቪዥኑ ላይ አነሳችው፤ አጣጥፋ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው። ቁልፉን አዞረች። መስታወቱ እስኪሞቅ ድረስ በርጩማዋን ከግድግዳው ስባ አመጣች። ጫማዋን አወለቀች። ተቀመጠች። ጉልበቷ ደረቷ ጋ ደረሰ፤ ወገቧን አመማት፣ ግን አልተነሳችም።

ሙዚቃው ጀመረ። የወንዶቹ ስም በተራ በተራ እየወጣ ነበር በሩ ሲከፈት።

«ዘጠኝ ሆንን» እያለ ነበር ሃይማን የገባው፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ። «ለጸሎት የሚበቃ አሥር ወንድ ጠፋ። በዚህ ሰፈር አሥር ሰው...»

አንሶላውን አየ። በርጩማዋን አየ። በካልሲዋ ያለችውን ሴት አየ።

«ምን ማድረግሽ ነው አንቺ?»

«እባክዎ» አለች ዞር ሳትል። «ቢቆጡም በኋላ ይቆጡኝ።»

እሱ ቁልፉን ሊነካው አይችልም፤ ሰንበት ነው። ቆሞ ቀረ። ዓይኑ ሳያስበው ወደ ስሞቹ ሄደ። ከላይ እስከ ታች ሲፈልግ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«የሷ የታለ?»

«የለም። የማናችንም የለም።»

አህያው ፉጨቱን እያፏጨ ኮረብታውን ወረደ፣ ውሻ አባረረው፣ አጥር ላይ ተሰቀለ። ሃይማን ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዞረ። ሊሄድ ነበር።

«አሁን!» አለች ኦፌሊያ። «አሁን ነው፣ ይዩ፣ ዓይኑን ይዩ!»

አህያው ደብዳቤውን ገለበጠ። የዓይኑ ቆብ ዝቅ አለ። አለፈ። ከድልድዩም ወደቀ።

ኦፌሊያ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አምስት ቀን ሙሉ ቧንቧ ከፍታ የደበቀችው ለቅሶ ነው፤ ትከሻዋ እየተናጠ ድምፅ አውጥታ አለቀሰችው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ውኃው ይንቦጫረቃል፣ ከበሮው ይመታል።

«ምንድን ነው ያየሁት?» አለ ሃይማን ቆይቶ። «ዓይኑ... የደከመው መሰለኝ።»

«አዩት?»

«አየሁ መሰለኝ።»

«መስመሩ የሚና ነው» አለች። «ቀለሙ የኔ ነው። እናቴን የቀበርኩ ዕለት።»

«በአንድ ስዕል ላይ? ሁለታችሁም?»

«በአንድ ሉህ ላይ። እኔ ባጠፋሁት ላይ እሷ ደግማ ሳለችው።»

«እና ያ ሉህ የት አለ?»

«ታጠበ። ሁሉም ይታጠባል። እሱና እኔ ነን የቀረነው» አለች፣ አህያውን በአገጯ እያሳየች።

ካርቱኑ አለቀ፤ የሳሙና ማስታወቂያ ጩኸት ገባ። ኦፌሊያ በእጇ እየዳኸች ሄዳ ቁልፉን አጠፋችው። ጥቁሩ መስታወት ውስጥ አንዲት ሽበታም ሴት በርጩማ ላይ ኩርምት ብላ ታየች። ለመነሳት ወለሉን ተደገፈች፤ እንግዶች ሊመጡ ነው፣ ሳህኖቹ አልወጡም።

ሃይማን ቀደማት። ሶፋው ላይ የተጣጠፈውን ባለ አበባ አንሶላ አነሳና መስታወቱ ላይ አለበሰው። ፊቷ እንዳይታያት ጠርዙን ወደ ታች ሳብ አድርጎ አስተካከለው። ከዚያ ከእንግዶቹ ወንበሮች አንዱን አምጥቶ ፊት ለፊቷ አስቀመጠ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፣ እጆቹንም ባርኔጣው ላይ አደረገ።

ኦፌሊያ አንድ ነገር እስኪል ጠበቀች። አላለም። ሰዓቱ ይቆጥራል። ከደጅ የእንግዳ ኮቴ ተሰማ፤ ሃይማን ዞር ብሎ በሩን አላየም። ዓይኑ እሷ ላይ ነው፣ አፉ ዝም ብሏል፤ መጀመሪያ የምትናገረው እሷ ናት።